ፊት የምትዋስ ሴት

ያን ቀን ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ የሙዙ ቅጠል ጆሮውን ጥሏል፤ በግሮ ፒቶን ተራራ አናት ላይ ብቻ እፍኝ የማትሞላ ደመና ተቀምጣለች። ጊዜው የነሐሴ ማለቂያ ነው። በመንደራችን በሽዋዜል በነሐሴ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ አለን የተባለው አውሎ ነፋስ ቤታችንን ከገፈፈው ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

ማ ኦክታቪ ግን የምታየው ጣራዋን ሳይሆን ያቺን ደመና ነበር። «ማ» በእኛ ዘንድ እማማ ማለት ነው።

«ዚታ፣ ያቺ ነገር የምትመጣው ወደ እኛ ነው ወይስ ወደ ሱፍሪዬር?»

«ደመና የት እንደምትሄድ እኔ ምን አውቅልሻለሁ?» አልኳት፤ በሥራዋ የማግዛት እኔ ነኝ።

«አፍንጫዋን እያት እንጂ! ወዴት ነው የዞረው?»

ማ ኦክታቪ ዘንድ አፍንጫ የሌለው ነገር የለም። ድንጋይም አፍንጫ አለው፣ ቂጣም አፍንጫ አለው። በግቢዋ መሐል የማገዶ ክምር ተደርድሯል። ከሥር ደረቅ እንጨት፣ ከላይ የኮኮናት ልጣጭ፣ በመሐል ደግሞ ክብሪት የሚጠብቁ ትንንሽ የሸክላ ጭንቅላቶችና እጆች። የማኅበራችን የላ ሮዝ በዓል ሰኞ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ። ዛሬ ካልተቃጠሉ በቃ፣ የለም።

«አፍንጫዋ ወደ ሱፍሪዬር ነው» አልኳት፤ እንዲያው ለመገላገል።

«እኔም እንደዚያ ነው የታየኝ» አለችና ክብሪቱን ጫረች።

ማ ኦክታቪ ዕድሜዋን በሁለት ሥራ ነው የኖረችው። ጠዋት ሸክላ፣ ከሰዓት በኋላ ስፌት። ሸክላውን ከእናቷ ወረሰች፤ የከሰል ምድጃና ድስት ሠርታ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወርዳለች። ስፌቱን የተማረችው ልጅ ሆና አንዲት የዋና ከተማው የካስትሪ ልብስ ሰፊ ቤት አገልጋይ በነበረችበት ጊዜ ነው። የዚህ ሰፈር ሴቶች በበዓል የሚለብሱትን ያንን የጥንቱን ረጅም ካባ፣ ከበስተኋላው የሚጎተተውን፣ ግማሹን የሰፋችው እሷ ናት። የውስጡ ቀሚስ በዳንቴል የተከፈፈ ነው፤ በዳንቴሉ ቀዳዳ ቀይ ጥብጣብ ይሾልካል፤ በትከሻ ላይ ሻርፕ ጣል ተደርጎ በደረት ጌጥ ይያዛል። የስንቷን ወገብ ለክታለች። ለራሷ ግን አንድም ሰፍታ አታውቅም። ጨርቁ ሲኖር ልጆቿ ይራቡ ነበር፤ ልጆቿ ሲጠግቡ ጨርቁ የለም።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በደሴታችን ሰው ሁለት ጊዜ ይጠመቃል ይባላል፣ አንዴ በቤተ ክርስቲያን፣ አንዴ በማኅበር። ወይ የላ ሮዝ ነህ፣ ወይ የላ ማርጌሪት። እኛ ላ ሮዞች ቀይ እንለብሳለን፣ ከበሮ እንመታለን፣ እንዘላለን። እነሱ ሰማያዊ ለብሰው፣ ሆዱን እንደ ቆረጠው ሰው ቆመው ያንጎራጉራሉ። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ንጉሥና ንግሥት፣ የራሱ ዳኛና ፖሊስ አለው። ሹመቱ ጨዋታ ነው፤ ትእዛዙ ግን ጨዋታ አይደለም። በበዓሉ ሰልፍ ንጉሥና ንግሥት ከፊት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ባለ ካባዎቹ፣ ካባ የሌለው ከጅራት። ማ ኦክታቪ ሃምሳ ዓመት እስኪያልፋት ከጅራት ነው የሄደችው። የሰፋችውን ሁሉ ከኋላ ከኋላ እያየች።

አለን መጥቶ ጣራውን ሲወስድ ሳጥኖቹንም ከፈተ። የእናቶቻችን ካባዎች ጭቃ ሆኑ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ማ ኦክታቪ ከቤት ቤት እየዞረች ቁራጭ ለቀመች፤ መዳፍ የምታህል ሐር፣ የተቃጠለ የሚመስል ዳንቴል፣ የዛገ መርፌ ያለበት ሻርፕ። አጠበች፣ አሰጣች፣ ከዚያ በአንድ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተነሥታ፣

«ትልቁን መመለስ አልችልም፤ ትንሹን ግን እመልሰዋለሁ» አለች።

አሻንጉሊት ማለቷ ነው። ጭንቅላቱና እጁ ሸክላ፣ ገላው በጥጥ የተሞላ የዱቄት ከረጢት፣ ልብሱ ግን እያንዳንዱ ስፌት እንደ ድሮው። ንጉሡም፣ ንግሥቲቱም፣ ዳኛውም፣ ፖሊሱም፣ ዘፋኟም፣ ነርሷም፣ ሙሉ ቤተ መንግሥት። የማኅበራችን ንግሥት ማ ክላሪስ፣ ባለ ሱቋ፣ መነጽሯን አወለቀችና «ለዘንድሮው በዓል ከደረሰልሽ፣ ከእኔም ከንጉሡም ፊት ተሸክመሽው ትሄጃለሽ» አለች። ሰው ሁሉ ሰማ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማ ኦክታቪ እግሯ መሬት አልነካም። ያቺ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት፣ መንገድ ላይ ሰው ማስቆም ጀመረች። «ፊትህን አውሰኝ!» ትላለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በአውራ ጣቷ ጉንጭ ትዳስሳለች፣ ቅንድብ ትከተላለች፣ አገጭ ትይዛለች። ከዚያ ሮጣ ወደ ጭቃዋ። አሣ አጥማጁ ፓ ሊሲየስ፣ የማኅበራችን ዳኛ፣ መረቡን እየጠገነ ፊቱን አዋሳት፤ «ስትመልሺልኝ ሽበቱን አውልቂልኝ» አለ።

ችግሩ ማ ክላሪስ ናት። የንግሥቲቱ ፊት የእሷ መሆን አለበት፤ ይገባታል። ተቀምጣ አዋሰች። ጭንቅላቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን አየችውና፣

«ይሄ አፍንጫ የማነው?»

«የእርስዎ ነው እመቤቴ።»

«የእኔ አፍንጫ እንዲህ ተጋድሟል? ቀና አድርጊው!»

ማ ኦክታቪ ጭቃ ጨመረችበት። ማ ክላሪስ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። «ትንሽ ቀና፣ ትንሽ ቀጠን።» ግማሹ በደረቀ ጭንቅላት ላይ እርጥብ ጭቃ መለጠፍ ምን እንደሆነ፣ እሳት ሲያገኘው እንደሚፈነዳ፣ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ያውቃል። ማ ኦክታቪ ግን ከፊት መሄዱን አስባ ለጠፈች፣ እስኪደርቅም ጠበቀች። የማቃጠያው ቀን እስከዚያ ረቡዕ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው።

በክምሩ ውስጥ ሌላ አንድ ጭንቅላትም ነበር፣ በዶሮ ቤቱ ጥላ ሥር ተደብቆ የደረቀ። የሴራፊን ጭንቅላት።

ሴራፊን የማ ኦክታቪ ታላቅ እህት ናት። የላ ማርጌሪት ሰው አግብታ ወደ እነሱ ዞረች፤ ዞራም አልቀረች፣ ዋና ዘፋኛቸው ሆነች። ሁለቱ እህቶች በአንድ አጥር ይዋሰናሉ፤ ጠዋት ጠዋት ስድብ የሚለዋወጡት እንደ ሰላምታ ነው። ስለ አሻንጉሊቶቹ የሰማች ዕለት በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለች።

«አንቺ ጭቃ አቡኪ! የእኛ በዓል በጥቅምት መሆኑን ረሳሽው?»

«የእናንተ በዓል? እኔ የቀብር ሥርዓት መስሎኝ።»

«ለእኛም ንግሥት ትሠሪያለሽ። ፊቱ የእኔ ይሁን፤ ሌላ ቆንጆ የለንም።»

ማ ኦክታቪ ሳቀች። ከዚያ ዙሪያዋን አየችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነይ ግቢ፤ ማንም እንዳያይሽ» አለቻት። ጭቃ ማኅበር የለውም ትላለች እሷ። ሰው ግን አለው።

እሳቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ነደደ። ኮኮናቱ ተንጣጣ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ማ ኦክታቪ ዙሪያውን እየተመላለሰች ታወራ ነበር፤ ለጭንቅላቶቹ ነው የምታወራው። «አይዞህ ፖሊስ፣ ትንሽ ነው የቀረህ። ዘፋኟ፣ አፍሽን ዝጊ፣ ጭስ ይገባብሻል።» እኔ እንጨት አቀብላለሁ። እኔን ደስ የሚለኝ ነገር ብዙ አይደለም፣ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች።

ደመናዪቱ አፍንጫዋን አዙራ ነበር። ያች እፍኝ የማትሞላዋ፣ ተራራውን ሁሉ ለብሳ መጣች። «ቆርቆሮ!» ብላ ጮኸች ማ ኦክታቪ። ሁለታችን ከዶሮው ቤት ላይ ቆርቆሮ ገንጥለን በክምሩ ላይ ያዝን፤ እጃችን እየተቃጠለ፣ ጀርባችን እየረጠበ፣ ዶሮዎቹ በእግራችን መሐል እየተራወጡ። ሴራፊን ሳትጠራ በአጥሩ ዘላ መጣች፤ ስድሳ የተጠጋት ሴት! ሦስተኛውን ጥግ ያዘች።

«ቀና አድርጊ! ወደ አንቺ ነው የሚፈሰው!» ትላለች።

«አፍሽን ትተሽ እጅሽን አጥብቂ!»

ያኔ ነው ከክምሩ ውስጥ ጧ! የሚል ድምፅ የወጣው። አንድ ጊዜ ብቻ። ማ ኦክታቪ ዓይኗን ጨፈነች።

ዝናቡ አልፎ አመዱ ሲበርድ አንድ በአንድ አወጣናቸው። ንጉሡ ደህና። ዳኛው ደህና፣ ከነሽበቱ። ፖሊሱ፣ ዘፋኟ፣ ሁሉም እንደ በሰለ ማንጎ ቀልተው ወጡ። የማ ክላሪስ ጭንቅላት ብቻ ብትንትኑ ወጥቷል። ከእሷ ሳይነካ የተረፈው አፍንጫው ነው፤ ያ ቀና ያለው፣ ቀጠን ያለው። ከጎኑ የሴራፊን ጭንቅላት አገጩን ቀስሮ ተቀምጧል፤ ስንጥቅ የሚባል የለበትም።

ማ ኦክታቪ አመዱ ላይ ተቀመጠች። አዲስ ጭቃ በጥላ እስኪደርቅ ከሳምንት በላይ ይፈልጋል። ንግሥት የሌለው ቤተ መንግሥት ደግሞ ከፊት አይሄድም።

«ይኸው ንግሥት አለች» አለች ሴራፊን፣ የራሷን ጭንቅላት እያሳየች። ለመቀለድ ነበር።

ማ ኦክታቪ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ጭንቅላቱን አየች። ከዚያ እኔን።

«አይሆንም!» አልኩ። «ማ ኦክታቪ፣ ይገድሉሻል!»

«ቀይ ጥብጣቡን አምጪ» አለች።

«እኔ ሞቼ ነው ቀይ የምለብሰው!» ሴራፊን ጮኸች። «ፊቴን መልሺልኝ!»

«ሰኞ ካለፈ እመልሰዋለሁ።»

ሴራፊን እየተሳደበች በአጥሩ ተመለሰች። እኛ ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜን ሰፋን። እንደዚያ ያለ ስፌት በሕይወቴ አላየሁም። እያንዳንዱን ቁራጭ ስታነሣ ባለቤቱን ትጠራዋለች። «ይቺ የማ ዙሊ ናት፤ በዚች ነው የተዳረችው። ይቺ ደግሞ የማ ቴሬዚያ፤ ዳንቴሏን እንዲህ ነበር የምታጥፈው፣ ወደ ውስጥ።» የነርሷን የራስ ሻሽ በአራት ጫፍ አሰረችው። በእኛ ዘንድ አንድ ጫፍ ልቤ ባዶ ነው፣ ሁለት ተይዣለሁ፣ ሦስት አግብቻለሁ ማለት ነው፤ አራት ሲሆን ግን፣ ሞክር፣ ቦታ አይጠፋም። «ነርስ ስለሆነች ነው፤ ለሁሉም መድረስ አለባት» ብላ እስክታነባ ሳቀች።

የንግሥቲቱን ፊት ግን እንዴት እንደብቀው?

«ዘውዱን ዝቅ ብናደርገው?» አልኩ።

«አገጩንስ?»

«ሻርፑን ከፍ እናድርገው።»

«ያኔ ጥርሷን ያመማት ትመስላለች።»

እንደዚያው ተውናት። ማን ያውቃታል አልን። እንደኛ ባለ መንደር፣ ሰው የጎረቤቱን ፍየል በሳሏ በሚለይበት፣ ማን ያውቃታል አልን!

እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ለመጨረሻው ልምምድ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ማ ኦክታቪ አሻንጉሊቶቹን በሰፊ ጣውላ ላይ አቁማ ነጭ አንሶላ ሸፍናባቸዋለች። ማ ክላሪስ ከፊት ተቀምጣ ለመደነቅ ተዘጋጅታለች። አንሶላው ሲነሣ አዳራሹ «ኦይ!» አለ። ሴቶች ቆሙ። «የእናቴ ዳንቴል!» አለች አንዷ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ሴራፊን እዚያ ላይ ምን ትሠራለች?» አለ።

ማ ክላሪስ መነጽሯን አደረገች። ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ፊቷ ከጥብጣቡ ይልቅ ቀልቶ ነበር።

«የእኔ ፊት የት አለ?»

«ፈነዳ፣ እመቤቴ» አለች ማ ኦክታቪ።

«የእኔ ፊት ፈነዳ? በእሱ ፋንታ የላ ማርጌሪት ጉሮሮ በላ ሮዝ ዙፋን ላይ? ፖሊስ! ያዝልኝ! ይሄ ነገር ነገ ከፊት ቀርቶ ከጅራትም አይሄድም!»

ፖሊሳችን በካርቶን ኮፍያው መጥቶ ማ ኦክታቪን በክንዷ ያዘ። ፓ ሊሲየስ የዳኛ ካባውንና ኮፍያውን አጥልቆ ጠረጴዛውን በጫማ መታ፤ ችሎት ተከፈተ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ በዚህ ችሎት የሚከሰሰው ለንግሥቲቱ ሳያጎነብስ ያለፈ ወይም ስብሰባ ላይ ያንቀላፋ ነው። ያን ቀን የሳቀ የለም።

«ማስረጃ አለ?» አለ ዳኛው።

ማ ኦክታቪ ከኪሷ መሐረብ አውጥታ ፈታች። አፍንጫውን አስቀመጠችለት። ፓ ሊሲየስ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«ይሄ የማን አፍንጫ ነው?»

«የእኔ ነው!» አለች ማ ክላሪስ።

ዳኛው አፍንጫውን አየ። የማ ክላሪስን አየ። እንደገና አፍንጫውን አየ። «እመቤቴ፣ ፍርድ ቤቱ እንዳይዋሽ ይፈራል» አለ። ከኋላ አንዱ ሳቁን ማፈን አቅቶት አስነጠሰ፤ ወዲያው ተቀጣ።

በሩ የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ሴራፊን፣ ሰማያዊ ሻሿን አስራ፣ በላ ሮዝ አዳራሽ መሐል! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ከበሮ መቺው ከበሮውን አቀፈ፣ የሚሰረቅበት ይመስል።

«ፊቴን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። «ነገ ቀይ ለብሳ መንደር ለመንደር ስትዞር የእኔ ሰዎች ምን ይሉኛል?»

«የአንቺ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለ ዳኛው።

«ዓይን የለህም እንዴ፣ አንተ አሣ!»

«ነይ እዚህ ቁሚ። ኦክታቪ፣ አንቺም ከጎኗ።»

ሁለቱ ቆሙ። ዳኛው አሻንጉሊቷን አንሥቶ በሁለቱ ፊት መሐል ያዛት። እኛም ሁላችን አየን። ያው አገጭ፣ ያው ጉንጭ። ሴራፊን ቀስራ ነው የምትይዘው፣ ማ ኦክታቪ ደፍታ፤ ሌላ ልዩነት የለውም። ማ ኦክታቪን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከኋላ ስለሆነች ማንም አይቷት አያውቅም ነበር። «እህ!» አለች አንዲት አሮጊት፣ «ለካ ይቺም ቆንጆ ናት።»

ማ ኦክታቪ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ፓ ሊሲየስ ግን ፊቱን ትቶ ልብሱን ያይ ነበር። የካባውን ጫፍ ገለጠ፤ የውስጡን ቀሚስ ጥብጣብ በጥፍሩ ተከተለው።

«ይሄን ጥብጣብ ሁለት ቀዳዳ እያዘለለ ማን አስገባው?»

«እናትህ እንደዚያ ነበር የምታስገባው» አለች ማ ኦክታቪ። «ቁራጩም የእሷ ነው። ከአለን በኋላ ከጉድጓድ ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

ኮፍያውን አወለቀ። ዳኛ ችሎት ላይ ኮፍያ አያወልቅም፤ ማንም አልከሰሰውም።

«ስሙ» አለ፣ ድምፁን ጠርጎ። «ፊት የተዋሱት ነገር ነው፤ ሁላችንም እንመልሰዋለን። ልብሱ ግን የእኛ ነው። ነገ በመንገድ የምናሳየው ልብሱን ነው። ቤተ መንግሥቱ ከፊት ይሄዳል፣ ኦክታቪም ተሸክማው ከፊት ትሄዳለች። ቅጣት ግን አለ። የላ ማርጌሪትን ፊት ለላ ሮዝ ሰጥተሻልና፣ የራስሽን ፊት ሠርተሽ ለላ ማርጌሪት ትሰጫለሽ።»

«የእሷን አፍንጫ ለእኛ?» ሴራፊን ጮኸች። «ይግባኝ!»

ያኔ አዳራሹ ፈረሰ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ፣ ከበሮው ራሱ የመታ ይመስል ተነሣ። ማ ክላሪስ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነው። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፖሊሱ ችሎት ላይ ስለ ሳቀች ቀጣት።

ሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፀሐይ ነበር። ቫዮሊኑ ጀመረ፣ እንደ ጸናጽል የሚንሿሿው ሻክ ሻክ ተከተለ፣ ከበሮው ገባ። ማ ኦክታቪ በነጭ ቀሚሷ ጣውላውን አንሥታ ከሁሉ ፊት ቆመች። ማ ክላሪስ ከኋላዋ መጥታ የራሷን ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣለችና በደረት ጌጧ አያያዘችው።

«ከፊቴ የሚሄድ ባዶ ትከሻ አላይም» አለች። «ሂጂ በይ፣ እግርሽን አንሺ!»

ሄደች። መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ፣ አሻንጉሊቶቹ እንዳይወድቁ እያየች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን ቀና አለች። ልጆች ጮኹ፣ ሴቶች ከበረንዳ «ያቻት የአክስቴ ካባ!» እያሉ ወረዱ። የላ ማርጌሪት ሰዎች አጥራቸው ላይ ተደርድረው ነበር፤ ሴራፊን በመሐላቸው። ቤተ መንግሥቱ በፊቷ ሲያልፍ አጎነበሰች። «ለራሴ ፊት ነው ያጎነበስኩት» ትል ነበር፤ ይሁንላት። እኔ ከጅራት ነበርኩ፤ ከበሮው እየጮኸ፣ አቧራው እየተነሣ፣ ከሁሉ ፊት ያቺ ጣውላ ከሰው ራስ በላይ ስትወዛወዝ ይታየኝ ነበር። አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል፤ ሁሉም ሰው እየዘለለ ነበር።

በጥቅምት ላ ማርጌሪት ሰማያዊ የለበሰች፣ የማ ኦክታቪ ፊት ያላት አሻንጉሊት ይዛ ወጣች። ሴራፊን አፍንጫውን በቢላ ጠርባ አሳንሳዋለች የሚል ወሬ አለ። እሷ ግን እስክትሞት አላደረግኩትም ትል ነበር።

ማ ኦክታቪ አሁን ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው። እዚያው ቤቷ ትኖራለች። መርፌ ማየት አትችልም፣ ስፌቱን እኔ እሠራለሁ፤ ፊቶቹን ግን እስካሁን በጣቷ የምታበጀው እሷ ናት። በላ ሮዝ በዓል ጉልበቷ ስለማይችል በፒክአፕ መኪና ተቀምጣ ከሁሉ ፊት ትሄዳለች።